የሚኒባሳችንን ጉሮሮ ያሰፋን ሰሞን

ሰሞኑን ሹፌሮች መንገድ ላይ እያስቆሙ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «እማማ፣ ትሮትል መቀየር ያዋጣል?» እኔን! ስለ መኪና አውቅ የነበረው በሩ በጉልበት ካልሆነ እንደማይዘጋ ብቻ ነበር። ግን በእኛ አገር ታሞ የዳነ ሁሉ ሐኪም፣ ከስሮ የተረፈ ሁሉ አማካሪ ነው። እንግዲህ የተጠየቅኩትን ልመልስ። ረጅም ወሬ አልወድም፤ ከረዘመ ጥፋቱ የመኪናው ነው።

ለማታውቁት፣ ትሮትል ማለት ሞተሩ አየር የሚስብበት የብረት ጉሮሮ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ይከፈታል፤ እግሩን ሲያነሣ ይዘጋል። አለቀ። ይህችን ዕውቀት የገዛኋት በአንዲት ጊደር ነው።

ልጄ ሞገስ ከላሊበላ ጋሸና ሚኒባስ ይነዳል። ሚኒባሱ የራሳችን ነው፤ ተመስገን። አባቱ ትቶልን ያለፈው ነው። ዕድሜውን አናውቅም፤ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጌታ አገልግሏል። ረዳት የምንቀጥርበት ስላልነበረን ረዳቱ እኔ ሆንኩ። ሒሳብ እቀበላለሁ፣ በር እዘጋለሁ፣ ዳገት ላይ ሲቆም ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ እሸጉጣለሁ። ደመወዜ ምርቃት ነው። አንዳንዱ ተሳፋሪ ሒሳቡንም በምርቃት ሊከፍል ይሞክራል፤ ቄስ ከሆነ ዝም እላለሁ።

መኪናችን አንድ ነውር ነበረበት። ዳገት አይወድም። ላስታ ኖሮ ዳገት መጥላት፣ ገዳም ገብቶ ጾም እንደ መጥላት ነው። ከባዱ አቀበት ላይ ሲደርስ ያቃስታል፤ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሞገስ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ «ጎረምሶች፣ እስቲ ትንሽ አቅልሉልን» ይላል። ጎረምሶቹ ይወርዳሉ። ካልበቃ ጎልማሶቹ ይከተላሉ። ካልበቃ ወርደው የነበሩት ከኋላ ይገፋሉ። ገበያተኞች አህያቸውን እየነዱ አልፈውን ሲሄዱ «እግዜር ያበርታችሁ» ይሉናል። አሜን እንላለን።

በዚህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ኖርን፤ ማንም አልሞተብንም። ነገሩ የተበላሸው አያ ተገኘ የተሳፈሩ ዕለት ነው።

አያ ተገኘ የሙጃ ሰው ናቸው። የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ ከዘራቸውና ነጭ ጋቢያቸው ከሩቅ ይታወቃል። ያን ዕለት ከጋሸና የተሳፈሩት ላሊበላ የምታስተምር ልጃቸውን ሊጠይቁ ነበር። እኛ ማን እንደሆኑ አናውቅም። አቀበቱ ላይ ጎረምሶች ወረዱ፤ ጎልማሶች ወረዱ፤ መኪናው አሁንም እንቢ አለ። እሳቸው በገዛ ፈቃዳቸው ወርደው ከሰው ጋር ገፉ። ኋላ ጎማ የተፋው ጭቃ ጋቢያቸውን ከአንገት እስከ እግር ቀባው። ምንም አልተናገሩም። ዝም የሚል ሽማግሌ ደግሞ ከሚሳደብ ይልቅ ያስፈራል።

ላሊበላ መናኸሪያ ስንደርስ ልጃቸው ቆማ ትጠብቃለች። ትርንጎ ናት። ሞገስና እሷ ከተግባቡ ቆይተዋል፤ ሽማግሌ ልንልክ ወሩን ስንመርጥ ነበር። ልጅቷ አባቷን አየች፤ ጋቢውን አየች፤ ሞገስን አየች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

አያ ተገኘ ጭቃቸውን እያራገፉ አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ሽማግሌ ዳገት ላይ የሚያወርድ ሹፌር ሚስቱንም ዳገት ላይ ያወርዳታል። ይህን ልጅ የምታገባ ሴት እግዜር ይሁናት።»

ሞገስ ያን ቀን ራት አልበላም። «እማ፣» አለኝ፣ «ይኼ መኪና ዳገት ካልወጣ ትርንጎን አላገኛትም።»

ጋሸና የሚሠራ ጌቾ የሚባል መካኒክ አለ። እጁ ወርቅ ነው ይባላል፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይበልጣል። መኪናውን አስነሥቶ አዳመጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«አየር ነው የቸገረው» አለ። «የላስታ አየር ስስ ነው፤ ሞተሩ ጠግቦ አይስብም። ጉሮሮውን እናስፋለት። ሰፊ ትሮትል ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ አቀበቱን እንደ ቆቅ ነው የሚወጣው።»

«ጉሮሮው ቢሰፋ ሳንባው ያው አይደለም ወይ?» አልኩት።

«እማማ፣ ይኼ ሳይንስ ነው።»

ሳይንስ ሲባል ወደ በረቴ ሄድኩ። ለሞገስ ሰርግ ብዬ የማሳድጋት ጊደር ነበረችኝ፤ ሸጥናት። ለሰርጉ የታሰበችው ጊደር ሰርጉ እንዲኖር ተሸጠች። አሁን ስጽፈው እንኳ ትክክል ይመስላል።

ለነፍስ አባቴ ለአባ ሣህሉ ነገርኳቸው። ዘመናቸውን በዜማ ያሳለፉ ናቸው። ሰምተው ጢማቸውን ዳበሱ።

«በተማሪ ቤት ጉሮሮው የሰፋ፣ ትንፋሹ ያጠረ ልጅ ነበረን» አሉ። «ሲጀምር ደብሩን ያናውጠዋል። ሲጨርስ ግን አይተነው አናውቅም።»

«ታዲያ ይቅር አባ?»

«ጊደሯን ሸጠሻል?»

«ሸጫለሁ።»

«እንግዲያማ እግዚአብሔር ይርዳሽ።»

ትሮትሉ መጣ፤ ያብለጨልጫል። ጌቾ ገጠመው። ሞገስ ነዳጅ ሲረግጥ መኪናው እንደ በሬ አገሣ። የጋሸና ውሾች ሁሉ መለሱለት። ሞገስ አለቀሰ። እኔም እልል አልኩ። ከዚያ ወደ አቀበቱ ሄድን። አቀበቱን... እንደ ድሮው ወጣነው። ጎረምሶች ወረዱ፤ ጎልማሶች ወረዱ። ልዩነቱ፣ ቀድሞ እያቃሰተ ይቆም ነበር፤ አሁን እያገሣ ይቆማል። ቀድሞ የማይሰማን ሰው ነበር፤ አሁን ግን መውረዳችንን ማዶ ያለው ቀበሌም ሰማ።

ጌቾ ጋ ስልክ ደወልን። «ገና አልተላመዱም፤ ሞተሩና ጉሮሮው ይተዋወቁ እንጂ» አለ። እንደ አዲስ ሙሽሮች ታገሥናቸው።

በማግስቱ ሌላ ነገር መጣ። ሞገስን ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማርኩት ነገር አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ዘፈኑን ያጠፋል፣ እግሩን ከነዳጁ ያነሣል፣ ቀስ ብሎ ይሳለማል። ነአኩቶ ለአብ መገንጠያ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዱ እግሩን አነሣ። ያ ሁሉ ግሣት በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሞተሩ ጠፋ። መኪናው በራሱ ፍጥነት ትንሽ ተንከባልሎ፣ ጎንበስ እንደ ማለት ብሎ ቆመ። የወፍ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ።

«ኧረ እዩልኝ! መኪናው ተሳለመ!»

እልልታው ቀለጠ። ሁሉም አማተበ። ሞገስ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «እማ፣ ተሳልሞ አይደለም፤ ጠፍቶ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ዝም በል። ሰው እግዚአብሔርን እያመሰገነ ነው» አልኩት።

ቀጣዩ ቤተ ክርስቲያን ላይ ደገመው። የሚቀጥለውም ላይ ሠለሰው። ወሬ በላስታ እግር አያስፈልገውም። ሳምንት ሳይሞላ መናኸሪያው ውስጥ ሰው «ሰጋጁ የታለ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ሌሎች ሚኒባሶች ባዶ ቆመው እኛ ጋ ሰው ይጋፋል። ምእመናኑ ዳገት ላይ ውረዱ ሲባሉ እንኳ ደስ እያላቸው ይወርዱልናል፤ ድካሙ ለበረከት ነዋ። «የማን መኪና ነው?» ሲባል ሰው በጣቱ ወደ እኔ ያሳያል። እኔም በትሕትና አንገቴን እደፋለሁ። በትሕትናዬም በጣም እኮራ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን እንደ ደብር አለቃ ሚስት ማጣፋት ጀምሬ ነበር።

ክብሬ የወደቀው አንድ ቀን ጋሸና ላይ ነው። የአረቄ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰካራም መንገድ አቋረጠ፤ ሞገስ እግሩን አነሣ፤ መኪናው ሰገደ። ለትራፊክ ፖሊሱም ሰገደ። አሸዋ ለጫነች አህያ ሲሰግድ ተሳፋሪው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። አሮጊቷ እንደ ተታለለ ሰው አዩኝ። እዚያው የተሳፈሩት ሸህ እንድሪስ፣ የጋሸናው ጨው ነጋዴ፣ ሊረዱኝ ፈለጉ።

«አይዘኑ እማማ» አሉ። «ትናንት መስጊዳችን በር ላይም ቆሟል። የወሎ ልጅ ነው፤ አያዳላም!»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ? ወደ ኋላ ወንበሬ ተመለስኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሽምግልናው ቀን ደረሰ። ትርንጎ፣ «አባቴ የሌሎችን ጥያቄ እየሰማ ነው፤ ሌላ ሰው ሳይቀድም ላኩ» ብላ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ሦስት ናቸው፤ አባ ሣህሉ፣ ሸህ እንድሪስና የባለቤቴ ወንድም። ሸህ እንድሪስን የመረጥናቸው ስላሣቁን አይደለም፤ አያ ተገኘ ጨው የሚገዙት ከእሳቸው ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። በደንባችን ሙሽራ ለራሱ ሽምግልና አይሄድም። የሙሽራ እናትም አትሄድም። ግን ይህን መኪና ከሞገስ በቀር የሚነዳው የለም፤ እግሩን ካነሣ እንደሚጠፋበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ድንጋይ የሚሸጉጠውም ከእኔ በቀር የለም። ተመካከርን። ሞገስ «ሹፌር» ሆኖ እንዲሄድ፣ ኮፍያና የአፍ መሸፈኛ እንዲያደርግ፣ እኔም ከኋላ ወንበር ተደፍቼ እንድቀመጥ ተወሰነ። መኪናውን ከአያ ተገኘ ቤት ራቅ አድርገን ባሕር ዛፉ ሥር እናቆማለን፤ ሽማግሌዎቹ በእግር ይሄዳሉ። ጥሩ ዕቅድ ነበር። ጥሩ ዕቅዶች ሁሉ እንዲህ ናቸው።

መንገዱን ሁሉ ሞገስ ነዳጁን እንደ ረገጠ ነው። ቤተ ክርስቲያን ባለፍን ቁጥር አባ ሣህሉ ይንጨረጨራሉ።

«ልጄ፣ ሳንሳለም?»

«አባ፣ እግሬን ካነሣሁ እዚሁ ያድራሉ።»

«ለጋብቻ እየሄድን ቅዱሳንን ገላምጠን እንለፍ?»

«አባ፣» አሉ ሸህ እንድሪስ፣ «ሲመለሱ ደርበው ይሳለሙ።»

ሙጃ ደረስን። የአያ ተገኘ ቤት ከመንገድ ወደ ላይ የሚወጣ አቀበት ላይ ነው። ባሕር ዛፉ ጋ መቆም ነበረብን። ግን ከታች ጀምሮ ነዳጅ ረግጠን ስለመጣን፣ ሞገስም ስለ ፈራ፣ ባሕር ዛፉን እያገሣን አለፍነው። «አቁም!» አሉ አባ። «ካቆምኩ አይነሣም!» አለ ሞገስ። አቀበቱን በዚያ ድምፅ ወጣነው፤ በሕይወቱ አንድ ቀን ዳገት የወጣው ያን ቀን ነው። የአያ ተገኘ ውሻ ከአጥር በሩ ብቅ አለ። ሞገስ ውሻውን እንዳይገጭ እግሩን አነሣ። ጸጥ። መኪናው ተንከባልሎ አፍንጫውን በአጥሩ በር መሐል ሰክቶ ሰገደ።

ይህኛው ስግደት ግን እውነተኛ ይመስል ነበር።

አያ ተገኘ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ወርደው ከመኪናው ወዲህ ቆሙ። እሳቸው ከመኪናው ወዲያ፣ ግቢያቸው ውስጥ ናቸው። መግቢያው ተዘግቷል። የአገር ሽምግልና በመኪናችን አፍንጫ ላይ ተጀመረ።

«እንደምን ዋላችሁ። ቤት ለእንግዳ፤ ግቡ እንዳልላችሁ...» አሉና በሩን አዩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም» አሉ አባ ሣህሉ፤ በእውነት ቢፈልጉም መግቢያ አልነበረም። «የዝምድና ጥያቄ ይዘን ነው የመጣን። ልጅዎን ለልጃችን ብለን።»

ዘር ተጠየቀ፤ ተመለሰ። ሙያ ተጠየቀ።

«ሹፌር ነው» አሉ ሸህ እንድሪስ።

አያ ተገኘ መኪናውን ትኩር ብለው አዩት። የት እንዳዩት እያስታወሱ ነበር። እኔ ወንበሩ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም።

«መልካም» አሉ በመጨረሻ። «እንደ ደንቡ ከዘመድ እመክራለሁ። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ሌላ ቀን ተመለሱ» በእኛ ዘንድ ብዙ ትርጉም አለው። ወደ ላይ ባለች ድምፅ ከሆነ ተስፋ ነው። እሳቸው ያሉት ወደ ታች ባለች ድምፅ ነው። የሞገስ ጀርባ ሲሟሽሽ ከኋላ አየሁት።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ተሳፈሩ። ሞገስ ሊያስነሣ ሞከረ። ተንጠራራ እንጂ አልተነሣም። ደግሞ ሞከረ። ባትሪው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲነሣና ሲተኛ ከርሞ ደክሟል። እኔ ከኋላ ሆኜ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ። «አንዴ ብቻ! ከዚህ ውርደት ብቻ አውጣኝ!» አልኩ። ጭራሽ ትክ ማለቱንም ተወ።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ወረዱ።

«ምነው?» አሉ አያ ተገኘ።

«አልነሣ አለ» አሉ አባ።

በዚህ መሐል ከብቶቻቸው ከግጦሽ ተመለሱ። በሬዎቹ፣ ላሞቹ፣ በጎቹ መጥተው ከመኪናው ኋላ ተሰለፉ። ወደ ቤታቸው መግባት ይፈልጋሉ። አንዲት ላም በመስኮት አንገቷን አስገብታ ነጠላዬን ላሰችው። ወደ ኋላ እንዳንለቀው ከብቱና ገደሉ አለ። የቀረው ወደ ፊት፣ ወደ ግቢው መግፋት ብቻ ነው። አያ ተገኘ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ አጥሩን ተሻግረው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ያኔ ሞገስ በሩን ከፍቶ ዘለለ። ኮፍያው ወደቀ። መሸፈኛውንም ራሱ አወለቀው።

«አያ፣ እርስዎ አይገፉም» አለ። «አንድ ጊዜ ይበቃል።»

አያ ተገኘ አዩት።

«አባ፣» አሉ ዞረው፣ «ሹፌሩ ማነው?»

አባ ሣህሉ መዋሸት አይችሉም። ሰማይ ሰማይ አዩ። «ሹፌሩ... ሹፌር ነው።»

«ሙሽራውስ?»

«እሱም ሹፌር ነው» አሉ ሸህ እንድሪስ።

«እርስዎ ይግቡና መሪውን ይያዙልን» አለ ሞገስ። «እኛ እንገፋለን።»

አያ ተገኘ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ቢሆንም ገቡ። በሩን ለመዝጋት ሞከሩ፤ አልዘጋ አለ። «በጉልበት ነው» አልኳቸው ከኋላ፤ ለካ ተደብቄ ነበር። በመስታወቱ አዩኝ። «እናትየውም አለች!» አሉ። ሞገስ፣ ቄሱ፣ ሸሁና የባለቤቴ ወንድም ከኋላ ገፉ። መኪናው እየተንቀራፈፈ ገባ። አያ ተገኘ መሪውን እንደ በሬ ቀንድ ጨብጠው ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር ሲፈካ አየሁ። ክላክሱን ነኩት፤ ጮኸ። ደነገጡ። ደግመው ነኩት።

ከብቶቹ ተከትለውን ገቡ። ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አባቷ ከወንበሩ ሊወርዱ አልቸኮሉም።

«እንግዲህ እንዳልኳችሁ፣» አሉ ድምፃቸውን እንደ አባወራ አጥብቀው፣ «ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«አባባ፣» አለች ትርንጎ፣ «ለመመለስ እኮ መጀመሪያ መሄድ አለባቸው።»

አያ ተገኘ መኪናውን አዩ። ቄሱን አዩ። የጨው ነጋዴያቸውን አዩ፤ ሸህ እንድሪስ ላባቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ሞገስን አዩ፤ እጁ አሁንም መኪናው ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በትከሻው ደግፎ ይዟል። ድንጋይ መሸጎጤን ረስቼ ኖሯል።

«አንተ፣» አሉት፣ «ብትለቀው ምን ይሆናል?»

«በጎቹ ላይ ይሄዳል፣ አያ።»

«እስከ መቼ ትይዘዋለህ?»

«መልሱን እስክሰማ» አለ።

አያ ተገኘ የሳቁት ያኔ ነው። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በሆዳቸው፣ ከዚያ ክላክሱ ላይ ወድቀው።

«ሴትዮ፣» አሉ ወደ ቤት ዞረው ለባለቤታቸው፣ «ለእንግዶቹ የሚቀመጡበት አንጥፊ። ሊሄዱ አልቻሉም። እኔም ለማይሄድ ሰው ቀጠሮ መስጠት አላውቅበትም። ሰጥቻለሁ በያቸው።»

አባ ሣህሉ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በበጎቹ መሐል ቆመው መረቁ። ሸህ እንድሪስ «አሚን» አሉ። እኔ ድንጋዬን ሸጎጥኩ።

መኪናው በማግስቱ በጎረቤት ትራክተር ተጎትቶ ወጣ። ጌቾ የድሮውን ትሮትል መለሰልን። ሞተሩ አዲሱን ጉሮሮ በጭራሽ እንዳልተላመደው፣ የሞተሩ ኮምፒዩተርም እንዳልተቀበለው አስረዳን። ይህም ሳይንስ ነበር። አሁን መኪናው እያቃሰተ ይቆማል እንጂ አይሰግድም። ትርንጎ ከሞገስ ጎን ተቀምጣ ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ቀድማ የምትወርደው እሷ ናት።

ስለዚህ፣ የጠየቃችሁኝ ሹፌሮች ሆይ፣ ለዳገት ከሆነ ትሮትል አያዋጣም። ለሌላ ነገር ከሆነ አላውቅም።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። በዚያ ወንበር ላይ ተደፍቼ፣ ሞተሩ እንዲነሣ የቅዱሳንን ስም ሁሉ እየጠራሁ ስለምነው፣ እምቢ ላለኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።